ዳኛው ካባውን ከመልበሳቸው በፊት ምን ይሠሩ ነበር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አንድ የሜሪላንድ ሰርኪት ፍርድ ቤት ዳኛ የሕይወት ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአማርኛ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ስለ ስቴት ዳኛ ሲጻፍ ብዙም አላየሁምና መጻፉ ራሱ አስደስቶኛል። ጽሑፉ ዳኛው የት እንደ ተማሩ፣ በማን ገዥ ዘመን እንደ ተሾሙ፣ ምን ምን ሽልማት እንደ ተቀበሉ በዝርዝር ይነግረናል። የጥብቅና ፈቃድ ካገኙበት ቀን አንሥቶ ጥቁሩን ካባ እስከ ለበሱበት ቀን ያለውን ሃያ ዓመት ግን «ለረጅም ጊዜ በሕግ ሙያ ሠርተዋል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አልፎታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ዐረፍተ ነገር ነው። አንድ ዳኛ በችሎት ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆኑ ከትምህርት ቤታቸው ስምም ሆነ ከግድግዳቸው ላይ ከተሰቀለው የምስክር ወረቀት ይልቅ የሚነግረን እዚያ የታለፈው ሃያ ዓመት ነው ብዬ ስለማምን ነው።

እኔ ላለፉት አሥራ ሰባት ዓመታት በስቴት ፍርድ ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቃለ መሐላዬ ስለሚያስረኝ የማንንም ጉዳይ አላወሳም፤ ገለልተኛ የመሆን ግዴታ ስላለብኝም አንድን ዳኛ አላመሰግንም፣ አንድን ዕጩም አልደግፍም። ነገር ግን አስተርጓሚ የሚቆመው ከባለጉዳዩ አጠገብ፣ ከዳኛው ፊት ለፊት ነው። ውሳኔው በአማርኛ ከመሰማቱ በፊት የዳኛውን ፊት የሚያየው እርሱ ነውና ከዚህ ቦታ ሆኜ ያስተዋልኩትን ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ወገኖቻችን ስለ አሜሪካ ፍርድ ቤት ሲያወሩ የሚያነሡት በዋሽንግተን ያሉትን ዘጠኙን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በዕድሜው ዘመን ዳኛ ፊት ቢቆም፣ የሚቆመው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የስቴት የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ነው። በሜሪላንድ የትራፊክ ክስ፣ የቤት ኪራይ ክርክር፣ ቀለል ያለ የወንጀል ክስና አነስተኛ የገንዘብ ጥያቄ የሚታየው በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ሲሆን፣ እዚያ ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጦ ፍሬ ነገሩን የሚወስን ቡድን፣ የለም፤ የተፈጸመውን ነገር የሚመረምሩትም ሕጉን የሚያስፈጽሙትም አንድ ዳኛ ናቸው። ፍቺ፣ የልጅ አሳዳጊነት፣ ከባድ ወንጀልና ብዙ ገንዘብ ያለበት ክርክር ደግሞ ወደ ሰርኪት ፍርድ ቤት ይሄዳል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታስቆጨኛለች» ያሉት አባቶቻችን የተናገሩት በትክክል ስለዚህ ዓይነቱ ችሎት ይመስለኛል፤ ለቤት ኪራይ ያስያዘው ገንዘብ ያልተመለሰለት ሰው የሚከራከረው ስለ ጭብጦ ነው፤ ቢሆንም ፍርዱን የሚመዝነው በበቅሎ ልክ ነው።

ደግሞም የዚህ ዳኛ ሥልጣን ከላይ ሲታይ ከሚመስለው በላይ ሰፊ ነው። ሁለት ምስክሮች ተቃራኒ ነገር ሲናገሩ የትኛውን ማመን እንደሚገባ የሚወስኑት ምስክሮቹን በዓይናቸው ያዩት ዳኛ ናቸው፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት መዝገቡን ያነብባል እንጂ የምስክሩን ድምፅ መንቀጥቀጥ አይሰማምና በዚህ ረገድ የሥር ዳኛውን ውሳኔ በቀላሉ አይነካም። በሜሪላንድ የወንጀል ቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቢኖርም ዳኛውን የሚመራ እንጂ የሚያስገድድ አይደለም። ተከሳሹ እስከ ቀጠሮው ድረስ በዋስ ይውጣ ወይስ በእስር ይቆይ፣ ልጆቹ በሳምንቱ ቀናት ከማን ጋር ይደሩ፣ ተከራዩ ዕቃውን ለማውጣት ስንት ቀን ይሰጠው የሚለው ሁሉ በእኒህ አንድ ሰው ሚዛን ላይ ይወድቃል። ሚዛናቸው የተሠራው ደግሞ ዳኛ ከመሆናቸው በፊት ነው።

በአሜሪካ ለዳኝነት የተለየ ትምህርት ቤት የለም፤ ዳኛ ለመሆን የሚወሰድ ፈተናም የለም። አንድ ሰው አራት ዓመት ኮሌጅ፣ ሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ የባር ፈተናውን አልፎ ጠበቃ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለም። ጥቂቶች መጀመሪያ ለአንድ ዓመት ያህል የዳኛ የሕግ ረዳት ሆነው መዝገብ እያነበቡ፣ የውሳኔ ረቂቅ እያዘጋጁ ያሳልፋሉ፤ ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ ሥራ ይገባሉ። ስቴቶቹ የሚጠይቁትም ይለያያል። በካሊፎርኒያ የሱፔሪየር ፍርድ ቤት (የስቴቱ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት) ዳኛ ለመሆን አሥር ዓመት የጥብቅና ፈቃድ ወይም የዳኝነት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ቴክሳስ የዲስትሪክት ዳኞቿን የሙያ ልምድ ከአራት ወደ ስምንት ዓመት ከፍ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2021 ሕዝቡ በሰጠው ድምፅ ነው። የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ግን የዓመት ብዛት አይጠይቅም፤ ዕጩው ቢያንስ የሠላሳ ዓመት ሰው፣ በስቴቱ አምስት ዓመት የኖረ፣ በጥብቅና የተፈቀደለት፣ በታማኝነቱ፣ በጥበቡና በሕግ ዕውቀቱ የተመሰገነ ይሁን ይላል። ታማኝነትና ጥበብ በፈተና አይለኩምና ያለፈውን ሥራ ከማየት ሌላ መለኪያ የለንም።

የሕግ ትምህርት ራሱ ግዴታ ያልነበረበት፣ ዛሬም ያልሆነበት ቦታ እንዳለ ብዙ አንባቢ አያውቅም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኬንተኪን አንድ ጉዳይ ሲያይ፣ በሊንች ከተማ ተከሳሹን በእስራት የቀጡት ዳኛ ሕግ ያልተማሩ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱም ተከሳሹ በሕግ በተማረ ዳኛ ፊት ጉዳዩን እንደ አዲስ የማሰማት መብት እስካለው ድረስ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። በኒው ዮርክ ገጠር ከተሞችና መንደሮች ጠበቃ ያልሆኑ ዳኞች አሁንም ይቀመጣሉ። እዚሁ ሜሪላንድም የውርስ ጉዳይ የሚያየው ኦርፋንስ ፍርድ ቤት ዳኞች በአብዛኛዎቹ ካውንቲዎች ጠበቃ እንዲሆኑ አይገደዱም።

አሁን ወደ ሃያው ዓመት ልመለስ። ከማያቸው ዳኞች ብዙዎቹ ዐቃቤ ሕግ የነበሩ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ወጣት ጠበቃን ገና በመጀመሪያው ዓመት ችሎት ላይ ያቆመዋል፤ ምስክር መጠየቅን፣ ተቃውሞ ማቅረብን፣ ጁሪ ፊት መናገርን ያስተምረዋል፤ በዚያውም ዳኞች፣ ፖሊሶችና ፖለቲከኞች ያውቁታል። ሌሎቹ ለጠበቃ የሚከፍሉት ለሌላቸው ተከሳሾች መንግሥት የሚያቆምላቸው ተከላካይ ጠበቆች ነበሩ። የቀሩት ከግል ቢሮ የመጡ ናቸው፦ የፍቺና የአሳዳጊነት ጠበቃ፣ የመኪና አደጋ ካሣ ጠበቃ፣ የኩባንያዎች ውል ተከራካሪ። ጥቂቶች ደግሞ በሰርኪት ፍርድ ቤት ማጅስትሬት፣ ማለትም ጉዳይ ሰምቶ ለዳኛው የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ሹም፣ ሆነው የቤተሰብ ጉዳይ ሲሰሙ ቆይተው ወደ ዳኝነት ወንበር ይሸጋገራሉ። በነጻ የሕግ ድጋፍ ድርጅት ውስጥ ከቤታቸው ሊወጡ የደረሱ ተከራዮችን ሲወክሉ የኖሩ ዳኞች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቢያንስ እኔ በቆምኩባቸው ችሎቶች።

ይህ ልዩነት በችሎት ላይ ይታያል። የውል ጠበቃ የነበሩ ዳኛ የወንጀል ችሎት ሲመደብላቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ ቀስ ብለው፣ ሁለቱንም ወገን ደጋግመው እየጠየቁ ይሠራሉ፤ ችሎቱ ይዘገያል እንጂ ማንም ሳይሰማ አይሄድም። ለዓመታት የወንጀል ጉዳይ የሠሩ ዳኛ ደግሞ የቀኑን አርባ መዝገብ ከምሳ በፊት ይጨርሳሉ፤ የአሳዳጊነት ክርክር ሲመጣላቸው ግን የእናቲቱን ለቅሶና የአባትየውን ዝምታ ምን እንደሚያደርጉት ግራ ሲገባቸው አይቻለሁ። አዲስ የተሾሙ ዳኞች ሥልጠና ይሰጣቸዋል፤ በሬኖ፣ ኔቫዳ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ብሔራዊ የዳኞች ኮሌጅም ከየስቴቱ የሚመጡ ዳኞችን ያሠለጥናል። የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ግን ጥሩ መነሻ ይሆናል እንጂ የሃያ ዓመት ልማድን አይተካም።

ለእኛ ማኅበረሰብ ከምንም በላይ የሚነካንን አንድ ነገር ላንሣ። በአማርኛ «እሺ» ማለት ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ፣ አከብርዎታለሁ» ማለት እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም። ዳኛው «በዐቃቤ ሕግ የቀረበውን ስምምነት ተረድተሃል? በፈቃድህ ነው የምትቀበለው?» ብለው ሲጠይቁ ባለጉዳዩ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል። እኔ የተባለውን ቃል እተረጉማለሁ፤ ቃሉ አሻሚ መሆኑን ለችሎቱ ማስታወቅ እችላለሁ፤ ከዚያ አልፌ የሰውየውን ልብ ላብራራ ግን አይፈቀድልኝም። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር የተንጠለጠለው በዳኛው ላይ ነው። ቀድሞ ስደተኞችን ወክለው የሚያውቁ ዳኛ ብዕራቸውን አስቀምጠው «ምን እንደ ተረዳህ በራስህ ቃል ንገረኝ» ይላሉ። ያን ጊዜ ነው ሰውየው ምንም ያልገባው መሆኑ የሚታወቀው። ይህን ልምድ ያላገኙ፣ ቅንነታቸው የማይጠረጠር ሌላ ዳኛ ግን «እሺ»ውን ይመዘግቡና ወደሚቀጥለው መዝገብ ይሻገራሉ። ዓይንን ወደ መሬት ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ለእኛ ታላቅን ማክበር የሆነው ነገር ለማያውቀው ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ያስመስላል፤ ምስክርነቱን ማመን አለማመን በዳኛው ዓይን የሚለካ በሆነበት ችሎት ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም ጉዳይ አለ። በሜሪላንድ ዳኛው የጥፋተኝነት ፍርድ ሳይሰጡ ተከሳሹን በአመክሮ ሊያሰናብቱት ይችላሉ፤ ብዙ ወገኖቻችን ይህን እንደ ነጻ መውጣት ቆጥረው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። በስቴቱ ሕግ ጥፋተኝነት ያልሆነው ይህ ውሳኔ ግን በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ዓይን ጥፋተኝነት ሆኖ ሊቆጠርና ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለችግር ሊዳርግ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በሰጠው ውሳኔ ተከላካይ ጠበቃ የጥፋተኝነት ቃል ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል፤ የሜሪላንድ ደንብም ቃሉን ከመቀበል በፊት ለተከሳሹ ይህ እንዲነገረው ያዛል። ማስጠንቀቂያው ታዲያ ከወረቀት በጥድፊያ የሚነበብ ሊሆን ይችላል፤ ቆም ተብሎ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሚነገርም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሚሆን ዳኛው ቀድሞ ከቆሙበት ወገን ጋር ትልቅ ግንኙነት እንዳለው በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ዐቃቤ ሕግ የነበረ ሁሉ ጨካኝ ዳኛ ይሆናል ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። ካየኋቸው ሁሉ ተከሳሽን በትዕግሥት የሚሰሙት ዳኛ ለረጅም ዓመታት ዐቃቤ ሕግ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የፖሊስን ሪፖርት ብዙ ስላነበቡ የትኛው መስመር ከልምድ የተገለበጠ፣ የትኛው በእርግጥ የታየ እንደ ሆነ ይለያሉ። ከተከላካይነት የመጡ ሆነው ደግሞ «ይህን ሰበብ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ» በሚል ዓይነት መሰላቸት የሚያዩም አጋጥመውኛል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የትኛውም መንገድ አንድን ነገር ያሳያል፣ ሌላውን ይሸፍናል፤ በአንድ ፍርድ ቤት ያሉ ዳኞች ሁሉ በአንድ መንገድ የመጡ እንደ ሆነ ሁሉም የማያዩት ነገር አንድ ዓይነት ይሆናል።

ስለ መንገዱ ሳስብ ሁልጊዜ የሚታወሱኝ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 ከስታንፎርድ በከፍተኛ ውጤት ሲመረቁ ሴት በመሆናቸው ጠበቃ አድርጎ የሚቀጥራቸው ቢሮ አጡ፤ በካሊፎርኒያ የሳን ማቴዮ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ መጀመሪያ ያለ ደመወዝ ሠሩ። በኋላ በአሪዞና የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ፣ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ከሥራ ወጡ፣ ተመለሱ፣ በስቴቱ ሴኔት የአብላጫው ፓርቲ መሪ ሆኑ። ከ1975 ጀምሮ የማሪኮፓ ካውንቲ ሱፔሪየር ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ከዚያ በ1979 ወደ ስቴቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በ1981 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ለመሆን በቁ። ሕግ አውጪም፣ የሥር ዳኛም፣ ከሥራ የተገለለች እናትም ሆነው ያሳለፉት ሰው ዘጠኙ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ሌሎቹ ያልኖሩትን ነገር ይዘው ተቀምጠዋል ማለት ነው።

አሁን እነዚህን ዳኞች ማን እንደሚመርጣቸው ልናገር፤ ምክንያቱም የእኛ ድርሻ እዚህ ላይ ነውና። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዚህ አካባቢ ሦስት የተለያዩ አሠራሮች ጎን ለጎን አሉ። በዋሽንግተን ዲሲ የሱፔሪየር ፍርድ ቤት ዳኛን ፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን ካቀረበላቸው ሦስት ስሞች መርጠው ለአሥራ አምስት ዓመት ይሾማሉ፣ የአሜሪካ ሴኔትም ያጸድቃል። ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲደረስ ዳኞችን የሚመርጠው የስቴቱ ምክር ቤት ነው፤ የሰርኪት ዳኛ ለስምንት ዓመት፣ የጄኔራል ዲስትሪክት ዳኛ ለስድስት ዓመት። በሜሪላንድ አመልካቾች መጀመሪያ ለዳኞች አቅራቢ ኮሚሽን መጠይቅ ይሞላሉ፤ ኮሚሽኑ አጣርቶ ስሞችን ለገዥው ይልካል። የዲስትሪክት ዳኛ በሴኔቱ ጸድቆ ለአሥር ዓመት ይሾማል፣ ሕዝብ ፊት አይቀርብም። የሰርኪት ዳኛ ግን በገዥው ከተሾመ በኋላ በምርጫ ወንበሩን ለአሥራ አምስት ዓመት ማጽናት አለበት፤ ብቁ የሆነ ማንኛውም ጠበቃም ሊወዳደረው ይችላል።

ምርጫው የራሱ ፈተና አለው። ለዘመቻ ገንዘብ የሚሰጡት በብዛት ነገ እዚያው ችሎት ፊት የሚቆሙ ጠበቆች ናቸው። በፍሎሪዳ ለካውንቲ ዳኝነት የተወዳደሩ አንዲት ዕጩ በፊርማቸው የገንዘብ ልመና ደብዳቤ በመላካቸው ተቀጥተው ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ዳኛ ለመሆን የሚወዳደር ሰው ራሱ ገንዘብ እንዳይጠይቅ ስቴቱ መከልከል ይችላል ብሎ ወስኗል። ኦኮነርም ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከወጡ በኋላ ዳኞችን በፉክክር ምርጫ መምረጥን አጥብቀው ተቃውመዋል። እኔም ወደ እርሳቸው ሐሳብ አዘነብላለሁ። ሆኖም ሕጉ ድምፅ እስከ ሰጠን ድረስ ድምፁን ባዶ መተው መፍትሔ አይደለም።

በምርጫ ሰሞን ጓደኞቼን ስጠይቃቸው ብዙዎቹ የዳኞቹን ረድፍ ባዶ እንደ ተዉት ይነግሩኛል፤ ከስማቸው አጠገብ ፓርቲ አልተጻፈም፣ ማንነታቸውንም አላወቅንም ይሉኛል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዋናው ፉክክር ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት በቅድመ ምርጫው መሆኑ ነው። ዕጩዎቹ በሁለቱም ፓርቲዎች የቅድመ ምርጫ ወረቀት ላይ ይቀርባሉ፤ በሁለቱም ያሸነፈ ሰው በኖቬምበሩ አጠቃላይ ምርጫ ተቀናቃኝ ላይኖረው ይችላል፤ ከሁለቱ ፓርቲዎች በአንዱም ያልተመዘገበ መራጭ ደግሞ በዚያ ቅድመ ምርጫ ስለ ዳኞቹ ድምፅ አይሰጥም። ለአሥራ አምስት ዓመት የልጆቻችንን አሳዳጊነትና የወንድሞቻችንን እስራት የሚወስነው ሰው፣ እኛ ምርጫው መኖሩን ሳናውቅ ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ የተወለዱት ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን፣ የሙዚቃ ሊቁ የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ልጅ፣ በፍሎሪዳ የሊየን ካውንቲ ዳኛ ሆነው በሕዝብ ሲመረጡ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ በየቤቱ የምናወራው ግን ስለ ትውልዳቸው ብቻ ነበር። እርሳቸው ለዚያ የበቁት በታላሃሲ ለዓመታት በጥብቅና ሠርተው፣ የከተማዋን የጠበቆች ማኅበር እስከ መምራት ደርሰው ነው። ሕግ የሚማሩ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይህን ቢያውቁ እወዳለሁ፦ ወደ ዳኝነት የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ በየቀኑ በሚሠራ ተራ ሥራ፣ በተከበረ ቀጠሮ፣ ለተቃራኒ ጠበቃ ሳይቀር በሚነገር እውነት ነው የሚሠራው። ኮሚሽኑ ስለ አንድ አመልካች ሲጠይቅ የሚጠይቀው አብረውት የተከራከሩትን ነውና።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። ከሚቀጥለው ቅድመ ምርጫ በፊት የእያንዳንዱን የሰርኪት ዕጩ ስም ስታወጡ ከሥሩ ጥቂት መስመር ጨምሩ፤ ካባውን ከመልበሱ በፊት የትኛውን ወገን ስንት ዓመት እንደ ወከለ፣ የሠራው የወንጀል፣ የቤተሰብ ወይስ የንግድ ጉዳይ እንደ ሆነ፣ ምን ያህል ጊዜ በችሎት ቆሞ እንደ ተከራከረ፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ደንበኞች ነበሩት ወይስ አልነበሩትም። ዕጩዎቹ ስልክ ቢደወልላቸው ይህን በደስታ ይመልሳሉ። በተጨማሪም ወንበር ሲለቀቅ ፍርድ ቤቱ የአመልካቾቹን ስም ለሕዝብ ያወጣል፤ ማንኛውም ሰው ስለ አመልካቾቹ ያለውን አስተያየት በጽሑፍ ለኮሚሽኑ መላክ ይችላል። ይህ ማስታወቂያ በአማርኛ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። የሚቀጥለው ሲወጣ በሁለት ቀን ውስጥ ተርጉሜ ላደርስላችሁ ዝግጁ ነኝ፤ ክፍያ አልጠይቅም፣ ስሜም እንዲጻፍ አልፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣
የፍርድ ቤት አስተርጓሚ፣ ከሜሪላንድ